በመልክ የተቀራረቡ ዓሦችን መለየት፤ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ጣና ሐይቅ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ከተማ እምብርት የሚገኘው ለገሃር ስሙን ያገኘው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን፣ ትርጕሙም የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰና የጣቢያው ሕንፃም በ1929 ከተመረቀ በኋላ፣ የባዕዱ ቃል በከተማው ነዋሪ አንደበት ተለዝቦ የሰፈር መጠሪያ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቍጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የቀድሞው ባቡር ከለገሃር መነሣቱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመርም የሚነሣው ከከተማው ዳርቻ ነው። ስሙ ግን ጸንቶ ቀርቷል።

ለገሃር ከባሕር ወደ ደጋ የወጣ ስም ነው። በተቃራኒው ከደጋ ተነሥተው ባሕር የተሻገሩ ስሞችም አሉ። በላቲን ፊደል እንደ ተጻፉት ሲነበቡ «ነጅያ»፣ «ጎርጓሪ»፣ «ሱርኪስ» እና «ቤዞ» የተባሉት ቃላት የጣና ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ዓሦቻቸውን ይጠሩባቸው ከነበሩት ስሞች የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ከ1835 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የሳይንስ መዝገብ ውስጥ ሰፍረው ይገኛሉ። አንድ ሕዝብ ለሁለት ነገሮች ሁለት የተለያዩ ስሞች ሲያወጣ ልዩነታቸውን አይቷል ማለት ነው። የእነዚህ ዓሦች ታሪክ የሚያስተምረው ልዩነቱን ማየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነና ሳይታይ የቀረ ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመልክ እጅግ የሚመሳሰሉ ዓሦች በቀይ ባሕር ጠረፍ፣ ቀጥሎም በጣና ሐይቅ እንዴት እየተለዩ እንደ መጡ በታሪክ ቅደም ተከተል ማስረዳት፣ በመጨረሻም ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚተርፈውን ቁም ነገር ማመልከት ነው።

ሀ. በቀይ ባሕር ዳርቻ የተጀመረው ሥራ

የቀይ ባሕርን ዓሦች በሥርዓት ለይቶ የመመዝገብ ሥራ የተጀመረው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1761 የዴንማርክ መንግሥት ወደ ዐረብ አገር በላከው የጥናት ቡድን ውስጥ ፔተር ፎርስኮል የተባለ ወጣት ሊቅ ነበር። ፎርስኮል የታዋቂው ስዊድናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር ሲሆን፣ በስዌዝ፣ በጅዳና በየመን ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች ያወጧቸውን ዓሦች እየተመለከተ መልካቸውንና ቅርጻቸውን ይጽፍ ነበር። የዓሦቹንም ቆዳ ገፍፎ፣ ዕፀዋት እንደሚደርቁት ሁሉ በወረቀት ላይ እየለጠፈ አደረቃቸው፤ ከእነዚህም ወደ መቶ የሚጠጉት ዛሬም በኮፐንሀገን ተጠብቀው ይገኛሉ። እርሱ ግን በ1763 በየመን ሞተ። ማስታወሻዎቹን በ1775 ያሳተመለት ከቡድኑ በሕይወት ወደ አገሩ የተመለሰው ብቸኛ ሰው ካርስተን ኒቡር ነው።

ፎርስኮል ለብዙዎቹ ዓሦች የሰጣቸው ስም የጠረፉ ሰዎች በዐረብኛ የሚጠሯቸውን ነበር። «ሐራክ» እና «ማሕሰና» የተባሉት ሁለቱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። እነዚህ ዓሦች የአንድ ወገን አባላት ሲሆኑ በአካል ቅርጽ እጅግ ይቀራረባሉ። ሕያው ሆኖ ሲታይ ሐራክ በጎኑ ላይ ሞላላ ጥቁር ምልክት ስላለው ዓሣ አጥማጁ በቀላሉ ይለየዋል። ይሁን እንጂ ዓሣ ሲሞት መልኩ ይለወጣል፤ ቆዳው ሲደርቅ ወይም ዓሣው በአልኮል ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ቀለሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደበዘዘ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በሩቅ አገር ቤተ መዘክር ተቀምጦ ናሙና የሚመረምር ሊቅ ቀለምን ትቶ በቍጥር ወደሚታወቁ ነገሮች ማዘንበል ግድ ሆነበት፤ ይኸውም የክንፍ እሾሆችን፣ የክንፍ ዘንጎችንና በጎን ላይ የተደረደሩትን ቅርፊቶች መቍጠር ነው።

መቍጠር ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሆኖም ለሁሉም ነገር አይበቃም። ሐራክና ማሕሰና በሚገኙበት ወገን ውስጥ ያሉ ዝርያዎች ሁሉ በጀርባ ክንፋቸው ላይ 10 እሾሆችና 9 ለስላሳ ዘንጎች አሏቸው። ስለዚህ ቍጥሩ ወገኑን ከሌሎች ወገኖች ይለያል፤ በወገኑ ውስጥ ግን ወንድም ከወንድሙ አይለይም። እንግዲህ ከመጀመሪያው አንሥቶ በዚህ የሙያ መስክ ሁለት ዐይነት ዕውቀት ጎን ለጎን እንደ ነበረ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው የሕያው ዓሣ ዕውቀት ሲሆን፣ ባለቤቱ አጥማጁ ነው። ሁለተኛው የናሙና ዕውቀት ሲሆን፣ ባለቤቱ የቤተ መዘክር ሊቅ ነው።

ለ. ሩፕል ከምፅዋ ወደ ጎንደር

ከፎርስኮል በኋላ ወደ ቀይ ባሕር ከመጡት መካከል ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ይገኛሉ። ሄምፕሪክ በ1825 ምፅዋ ላይ በሕመም ሞቶ በዚያው ቀረ። ከእነርሱ ጋር በአንድ ዘመን የሠራው ኤድዋርድ ሩፕል ግን ለሁለቱም ታሪኮች፣ ማለት ለባሕሩም ለሐይቁም፣ ቁልፍ ሰው ነው። ሩፕል በ1794 በፍራንክፈርት ተወልዶ፣ በመጀመሪያው ጉዞው የሰበሰባቸውን የቀይ ባሕር ዓሦች ከ1828 ጀምሮ በሥዕል አስደግፎ አሳተመ። በ1831 ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ምፅዋ ላይ ከወረደ በኋላ ደጋውን ወጥቶ በ1832 ጎንደር ገባ፤ እስከ 1833ም በዚያ አካባቢ ቆየ።

የሩፕል ዐይን እጅግ የሠለጠነ መሆኑ ባያጠራጥርም፣ ባሕሩ አታልሎታል። በ1829 ከበቀቀን ዓሦች አንዱን «ባይከለር» ማለት «ባለ ሁለት ቀለም» ብሎ ሰየመ። በ1835 ደግሞ በቀለም ፈጽሞ የተለየ ሌላ ዓሣ አይቶ «ፑልኬሉስ» ማለት «ውብ» የሚል ስም ሰጠው። ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደ ተረጋገጠው ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው። በቀቀን ዓሣ ዕድሜው ሲገፋ ጾታውን ከሴትነት ወደ ወንድነት ሊለውጥ ይችላል፤ ከጾታው ጋርም መልኩን ፈጽሞ ይቀይራል። በባሕሩ ውስጥ አንድ የነበረው ፍጡር በመዝገብ ላይ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ቀደም ብሎ የወጣው ስም ጸንቶ ሁለተኛው ተሰርዟል።

ሩፕል በጣና የገጠመው ጥያቄ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነበር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። ዐባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጥቂት እንደ ተጓዘ 40 ሜትር ያህል ቍልቍል የሚወረወርበት የጢስ ዐባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይሻገር አግዶታል። በዚህ በታጠረ ውኃ ውስጥ የሚኖሩት ጢማም ዓሦች በአጠቃላይ መልካቸው ዘመዳሞች መሆናቸው ይታወቃል። ሆኖም የአንዱ ከንፈር ወፍራም፣ የሌላው አፍ ሰፊ፣ የሦስተኛው ማጅራት ጉብ ያለ ነው። ሩፕል በ1835 ባወጣው ጽሑፍ ለነጅያ፣ ለጎርጓሪ፣ ለሱርኪስና ለቤዞ የአገሬውን ስም ሰጠ። ከእነዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ጎልቶ የሚታይ ልዩ ምልክት የሌለውን ሌላ ዓሣም «ኢንተርሜዲየስ» ማለት «መካከለኛ» ብሎ ጠራው። ይህ የመጨረሻው ስም ከ138 ዓመት በኋላ ከሌሎቹ አብዛኞቹን ሊውጥ መሆኑን በዚያን ጊዜ ማንም ሊገምት አይችልም ነበር።

ሐ. ከመከፋፈል ወደ መጠቅለል

በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ የለንደኑ የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሊቅ ቡሎንዤ፣ ዴገን የተባለ ሰብሳቢ ከጣና ያመጣለትን ናሙና መርምሮ በ1902 አዳዲስ ስሞችን አወጣ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመንም በ1937 በዳይኔሊ የተመራ የጥናት ቡድን ወደ ጣና መጥቶ ነበር። በዚያ ጊዜ የተሰበሰቡትን ዓሦች ያጠናው ቢኒ በ1940 ሌሎች ስሞችን ጨመረ፤ ከእነዚህም አንዱ ከጎርጎራ ስም የተወሰደው «ጎርጎሬንሲስ» ነው። ስሞቹ እየበዙ ሲሄዱ ግን አንድ ችግር ተከተለ። በሁለት ዝርያዎች መካከል ያለው ወሰን እዚህ ላይ ነው ብሎ መናገር አስቸጋሪ ሆነ፤ ምክንያቱም ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩ መካከለኛ መልክ ያላቸው ናሙናዎች ይገኙ ነበር።

በ1973 ባኒስተር የተባለው የዚያው ቤተ መዘክር ተመራማሪ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ጢማም ዓሦች እንደ ገና መርምሮ አንድ ከባድ ውሳኔ ላይ ደረሰ። ይኸውም የጣናዎቹን ጨምሮ በኢትዮጵያ ውኆች የተሰየሙትን በርካታ ዝርያዎች በአንድ ስም ጠቅልሎ ሁሉንም «ኢንተርሜዲየስ» ማለቱ ነው። ልዩነታቸው በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚገኝ የግለሰብ ልዩነት ነው ማለቱ ነበር።

ይህን ውሳኔ እንደ ተራ ስሕተት መቍጠር አይገባም። የሩፕልን የበቀቀን ዓሦች ታሪክ ያስታወሰ ሰው የመልክ ልዩነትን ሁሉ የዝርያ ልዩነት አድርጎ ከመውሰድ መቆጠብ ጥበብ መሆኑን ይረዳል። ባኒስተር በእጁ የነበረው በጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ዓሣ ነው። ዓሣው የት እንደ ተያዘ፣ ምን ይበላ እንደ ነበረ፣ በየትኛው ወር በየትኛው ወንዝ እንቍላሉን እንደሚጥል ጠርሙሱ አይናገርም። ካለው ማስረጃ በላይ አለመሄዱ ተገቢ ነበር ለማለት ይቻላል። ጉድለቱ የሚገኘው ማስረጃው ራሱ ከሕያው ዓሣ የራቀ በመሆኑ ላይ ነው።

መ. የሕያው ዓሣ ምስክርነት

በ1990ዎቹ ዓመታት ናኸልኬርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር በጣና ላይ ያካሄዱት ጥናት ጥያቄውን ከጠርሙስ አውጥቶ ወደ ሐይቁ መለሰው። ጥናቱ በሦስት አቅጣጫ የተመራ ነበር።

የመጀመሪያው አቅጣጫ ዕድገት ነው። ጫጩቶቹ ዓሦች ሁሉም አንድ ይመስላሉ። የአፍ፣ የራስና የሰውነት ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው እያደጉ ሲሄዱ ነው። ስለዚህ ትንሹንና ትልቁን ዓሣ ቀላቅሎ የሚመለከት ሰው በመካከላቸው ወሰን የሌለ ሊመስለው ይችላል። በተመሳሳይ መጠን ላይ የሚገኙትን ለይቶ ያነጻጸረ ግን ወሰኑን ያገኘዋል።

ሁለተኛው አቅጣጫ ምግብ ነው። ወፍራም ከንፈር ያለው ነጅያ ከሐይቁ ወለል ላይ ደቂቅ እንስሳትን እየሳበ ይመገባል። ሱርኪስ ዕፀዋትን ያዘወትራል። ራሱ አጭር የሆነው «ብሬቪሴፋሉስ» በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ይለቅማል። ጎርጓሪና ሰፊ አፍ ያለው «ሜጋስቶማ» ሌሎች ዓሦችን ያድናሉ። ተለይተው ከታወቁት 15 ዝርያዎች ውስጥ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው በመሆኑ ይህ በዓለም ላይ እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነው። ከዚህ ላይ ቀድሞ የሰውነት ቅርጽ ብቻ መስሎ ይታይ የነበረው ልዩነት የአኗኗር ልዩነት መሆኑ ተገለጸ።

ሦስተኛውና ወሳኙ አቅጣጫ ርቢ ነው። ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ በክረምቱ ወራትና በመስከረም አካባቢ እንደ ጉማራ ወደ መሳሰሉት የሐይቁ ገባር ወንዞች እየወጡ እንቍላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ። በ1996 የታተመው የጉማራ ጥናት እንዳሳየው ዓሦቹ ወንዙን የሚጋሩት በጊዜና በቦታ ተለያይተው ነው። ሌሎቹ ደግሞ ወደ ወንዝ ስለ መውጣታቸው ምልክት ስላልተገኘ በሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይገመታል። በርቢያቸው የተለያዩ ፍጥረታት በመልክ ቢቀራረቡም እንደ ተለያዩ ዝርያዎች ይቈጠራሉ።

በዚህ መሠረት በ1997 ሰባት፣ በ2000 ደግሞ አንድ አዲስ ዝርያ ተሰየመ። ሩፕልና ቢኒ ያወጧቸው በርካታ ስሞችም ከተቀበሩበት ተነሡ። ዓሦቹ ዛሬ የሚጠሩበት የወገን ስም ሩፕል ራሱ በነጅያ መነሻነት በ1835 ያወጣው «ላቤዮባርቡስ» የሚለው ነው። ክርክሩ ግን በዚህ ብቻ አልተዘጋም። በኢትዮጵያና በሩሲያ የጋራ የባዮሎጂ ጥናት ውስጥ የሠሩት ሚናና ባልደረቦቹ በ1996 ባቀረቡት ጽሑፍ ስለ ዝርያ ከመናገር ይልቅ ስለ ቅርጽ ዐይነቶች መናገርን መርጠዋል። የዘር ውርስ ምርመራም በዝርያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሐይቁ ደለል ጥናት እንደሚያመለክተው ጣና ከ16 ሺህ ዓመታት በላይ በፊት ደርቆ የነበረ በመሆኑ፣ ዓሦቹ በሐይቁ ውስጥ የተለያዩበት ዘመን በተፈጥሮ ታሪክ ሚዛን ሲታይ አጭር ነው።

በዚያው ሐይቅ ውስጥ የሚኖሩት ትንንሾቹ ጢማም ዓሦች ታሪክ ለዚህ አሠራር ሚዛናዊነት ጥሩ ማስረጃ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እሸቴ ደጀን ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ጥናት በ2000 ከባሕረ ዳሩ ርቆ በገላጣው ውኃ የሚኖር አንድ አዲስ ዝርያ «ታናፔላጊየስ» ተብሎ ተሰየመ። በ2002 ደግሞ ቡሎንዤ በ1902 ሁለት አድርጎ የመዘገባቸው «ሁሚሊስ» እና «ትሪስፒሎፕሌውራ» አንድ ዝርያ መሆናቸው ተገለጸ። እንግዲህ አንዱ መመዘኛ በአንድ ሐይቅ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ከፋፈለ፤ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ጠቀለለ። ትክክለኛ መመዘኛ የሚባለው አስቀድሞ ለመከፋፈል ወይም ለመጠቅለል ያልወሰነ ነው።

ሠ. ስምና መረብ

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፣ በዚያው ዘመን በሐይቁ ላይ የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በጣና ለብዙ ዘመን ዓሣ ይጠመድ የነበረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ በባሕረ ዳሩ አካባቢ ነው፤ በዚህም ሙያ የወይጦ ማኅበረሰብ የታወቀ ነው። በ1986 ግን ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ገቡ። አጥማጆቹ ራቅ ወዳለው ውኃና ዓሦቹ ለርቢ ወደሚሰበሰቡበት ወደ ወንዞቹ አፍ ለመድረስ ቻሉ። በወንዞቹ ውስጥም የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በውኃ ላይ በመበተን ዓሣን የማደንዘዝ ልማድ ነበር።

ውጤቱ ከባድ ሆነ። በ2004 የታተመው የደ ግራፍና የባልደረቦቹ ጥናት ከ1991–1993 የተደረገውን የሙከራ ጠመዳ ከ1999–2001 ከተደረገው ጋር ሲያነጻጽር፣ የትልልቆቹ ጢማም ዓሦች ሀብት ሦስት አራተኛ ያህሉ መመናመኑን አመለከተ። የጫጩቶቹ መመናመን ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። የበለጠ የተጎዱት ወደ ወንዝ እየወጡ የሚራቡት ዝርያዎች ናቸው።

ዓሦቹን ያመናመነው የ1973ቱ መጠቅለል አይደለም፤ ዓሣ የሚያልቀው በመረብና በመርዝ እንጂ በስም አይደለም። ይሁን እንጂ ስም መመናመኑን ሊሸሽግ ይችላል። በጣና ገበያ እነዚህ ሁሉ ዝርያዎች በአንድነት «ነጭ ዓሣ» ይባላሉ። የምርት መዝገቡም ይህንኑ ስም ከተከተለ፣ በአንድ ዓመት የተያዘው መቶ ቅርጫት ከአምስት ዝርያዎች የተውጣጣ ሲሆን በተከታዩ ዓመት የተያዘው መቶ ቅርጫት ከሁለት ዝርያዎች ብቻ ቢሆን መዝገቡ ለውጥ የለም ይላል። ሦስቱ ዝርያዎች ቢጠፉ እንኳ የሚያውቅ የለም። ከዚህም ሌላ «ነጭ ዓሣ» የሚለው ስም በደቡብ ሐይቆች፣ በተለይም በጫሞ አካባቢ፣ ከጢማም ዓሦች ጋር ቅርብ ዝምድና ለሌለው ለሌላ ትልቅ ዓሣ መጠሪያ ነው። የሁለቱን አካባቢ መዝገቦች በስማቸው ብቻ አይቶ የሚደምር ዕቅድ አውጪ የማይደመሩትን ነገሮች ይደምራል።

ከዚህ አኳያ ሲታይ በመከፋፈል የሚፈጸም ስሕተትና በመጠቅለል የሚፈጸም ስሕተት ክብደታቸው እኩል አይደለም። የበቀቀን ዓሣ ሁለት ስም ማግኘቱ በመዝገቡ ላይ አንድ ትርፍ ስም ጨመረ፤ በኋላም በእርሳስ ተሰረዘ። በአንድ ስም ሥር የተሸሸገ ዝርያ ግን ከውኃው ከጠፋ በኋላ ስሙን ማስተካከል አይመልሰውም። በ2003 የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ለሥርዓት መሠረት ጥሏል፤ ጣናም በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ አዋጅን በወንዝ ዳር ሥራ ላይ የሚያውለው ሰው የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚወጣ ማወቅ አለበት። ለዚህም በ2012 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው የአበበ ጌታሁንና የእሸቴ ደጀን የጣና ዓሦች መምሪያ ጠቃሚ መሣሪያ ነው።

ረ. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ በትምህርት ቤት ሊተረጐም የሚችል ነው። ለዚህም የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

1ኛ. ስለ ሕያዋን ምደባ ሲሰጥ የሚውለው ትምህርት ስሞችን በማስጠናት መጀመር አይኖርበትም። ተማሪው አስቀድሞ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን አስተያይቶ ልዩነታቸውንና አንድነታቸውን በራሱ ቃል መጻፍ ይልመድ። ለገሃር አካባቢ ያለ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ባሕርም ሐይቅም ባይኖረው ከገበያ የተገኘ ቆሮሶና አምባዛ ይበቃዋል፤ እርሱም ባይገኝ የጤፍ ወይም የማሽላ ዐይነቶች ያንኑ አገልግሎት ይሰጣሉ።

2ኛ. ተማሪው ልዩነት ባገኘ ጊዜ መምህሩ ወዲያው «ስለዚህ ዝርያቸው ይለያያል» ወደሚለው መደምደሚያ እንዲሮጥ አይፍቀድለት። ልዩነቱ የዕድሜ፣ የጾታ፣ የወቅት ወይም የምግብ ውጤት ሊሆን ይችል እንደ ሆነ በየተራ ይጠየቅ። የበቀቀን ዓሣ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

3ኛ. ተማሪው ልዩነት ባጣ ጊዜም «ስለዚህ አንድ ናቸው» እንዲል አይቸኰል። ያልታየው ነገር በቦታው ባለመኖሩ ነው ወይስ የታየው ናሙና ስላልበቃ ነው ተብሎ ይመርመር። ለዚህ የጣና ታሪክ ምሳሌ ይሆናል።

4ኛ. የአካባቢው ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ስሞች እንደ ማስረጃ ይሰብሰቡ። ተማሪዎች ከወላጆቻቸው፣ ከገበሬዎችና ከዓሣ አጥማጆች የሰሟቸውን ስሞች ከነመለያ ምልክታቸው መዝግበው ቢያቀርቡ፣ ፎርስኮል በቀይ ባሕር፣ ሩፕልም በጣና የጀመሩትን ሥራ በራሳቸው ቋንቋ ቀጠሉ ማለት ነው። ሆኖም አንድ ስም በየቦታው ልዩ ልዩ ነገር ሊያመለክት ስለሚችል የተሰበሰበበት ቦታና ወር አብሮ ይጻፍ።

5ኛ. ዕቅድ አውጪዎች ቍጥር ከመደመራቸው በፊት በአንድ ርእስ ሥር የተጻፉት ነገሮች በእውነት አንድ መሆናቸውን ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ለዓሣ ብቻ ሳይሆን ለተማሪም፣ ለመምህርም፣ ለትምህርት ቤትም ቍጥር ይሠራል።

ማጠቃለያ

በ1835 ከጣና አጥማጆች አፍ ተወስደው ከተጻፉት ስሞች አብዛኞቹ በ1973 በአንድ መካከለኛ ስም ሥር ጠፉ፤ በ1997 ደግሞ ተመልሰው ወጡ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ውስጥ ነጅያ በወፍራም ከንፈሩ የሐይቁን ወለል ሲፈትሽ፣ ጎርጓሪም ትንንሾቹን ዓሦች ሲያሳድድ ኖሯል። የተለዋወጠው የተመልካቹ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ወደ እውነት የቀረበው ተመልካቹ ከመልክ ወደ ቍጥር፣ ከቍጥርም ወደ ሕይወት በተሻገረ ጊዜ ነበር፤ ይህም የሆነው መረቡ ሐይቁን ካዳረሰ በኋላ ስለ ሆነ ዘግይቶ የመጣ ዕውቀት ነው። ትምህርት ቤት ይህን መዘግየት ለማሳጠር የሚችለው አስተያይቶ የሚያይና ያየውን ለመጠራጠር የማይፈራ ተማሪ ሲያወጣ ነው።